ብርድ ላይ አትናገርም

«ለስንቱ ሲነፋ ኖሮ፣ ለሱ የሚነፋ ይጥፋ!» አለች ፈንታዬ፣ ንፍሮውን በእፍኟ እንደያዘች።

ጎረቤቷ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። «ዝም በይ! ለባንዳ ማን ይነፋል?»

ትርንጎ ሰማች። የባሏ የአላምረው ሰልስት ነው። ትልቋ የነሐስ ጡሩንባ ከጥግ ተቀምጣለች፤ ነገ ጣሊያኖቹ መጥተው ይወስዷታል። ከዚያ በፊት አንዴ፣ አንዴ ብቻ ቢነፋለት ነበር የትርንጎ ምኞት። በነሱ ሰፈር ጡሩንባ ያልተነፋለት እንደ ሰው ሞተ አይባልም።

አላምረው ድሮ የመርዶ ጡሩንባ ነፊ ነበር። አፋፉ ላይ ወጥቶ ሲነፋ አገሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ጣሊያን ሲገባ ያን ትንፋሹን ሰምቶ ለወታደር ሙዚቃው ወሰደውና ይህችን ድምፀ ወፍራም ጡሩንባ አሸከመው። ጣሊያኖቹ ሙዚቀኞቻቸውን «ባንዳ» ይላሉ፤ ሰፈሩ ደግሞ ከሃዲውን። አላምረውም «ስሙ አንድ፣ ኃጢአቱ ሁለት» እያለ ይስቅ ነበር። ጧት ጧት መንፊያዋን፣ ያችን ከንፈር የሚያርፍባትን ብረት፣ ነቅሎ በብብቱ ይይዛታል።

«ምን ታቅፋታለህ?» ትርንጎ ስትለው፣

«ብርድ ላይ አትናገርም፤ እንደ አንቺ ናት» ይላታል።

በመጨረሻ ብርዱ የሱን ደረት መታው።

ከአንገረብ ወንዝ ማዶ የመጡት ሽማግሌ፣ አያ ፈጠነ፣ በትራቸውን ተመርኩዘው ዙሪያውን አዩ።

«ምነው ጡሩንባ አልሰማሁ?»

«ለባንዳ አይነፋም» አለች የፈንታዬ ጎረቤት።

«እስካሁን ዝም ያልነው ለሱ ብለን ነው፤ እንግዲህ ጣሊያኖቹ ሬሳ አያስሩ!» አሉ አያ ፈጠነ። «ወታደሩ መንደራችንን ሊያቃጥል ሲነሳ ሙዚቃው ይሸኘዋል። ሌላው ሁሉ ሲያቆም የአላምረው ጡሩንባ አታቆምም፤ የመርዶዋን ድምፅ ታስረዝማለች። እኛም ልጁንም ከብቱንም ይዘን ገደል ውስጥ እንሸሸጋለን።»

ትርንጎ አንድ ቀን ትዝ አላት። አላምረው «አለቃዬ ትንፋሽህ ረጅም ነው ብሎ አመሰገነኝ» ብሎ እንባው እስኪወርድ ስቆ ነበር። ያን ጊዜ የሚያስቀው ነገር አልገባትም።

ፈንታዬ ንፍሮውን ወደ ሰፌዱ መለሰች። «እኔን አፈር ይብላኝ» አለች።

«አያ፣ መንፋት ያውቃሉ?» አለች ትርንጎ።

«በጉብዝናዬ እምቢልታ ነፍቻለሁ። ይችንም እሞክራታለሁ፣ ልጄ።»

እጃቸውን ወደ ጡሩንባዋ ዘረጉ።

«ቆዩኝማ፣ አያ።»

ትርንጎ መንፊያዋን ነቀለች። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ በብብቷ ከተተቻት፣ ክንዷንም አጥብቃ ገጠመች። ለቀስተኛው ሁሉ መንፊያዋ እስክትሞቅ ድረስ ጠበቀ።