ፓስፖርት ያስቀረችው ዓረፍተ ነገር

«ወላሂ! አንዲት ቃል ጨምሬ እንደሆነ ይህቺ የያዝኳት ሻይ መርዝ ትሁንብኝ!» አለ መምህር ደሳለው፤ ብርጭቆውንም ለምስክርነት ከፍ አደረገው። ማተብ ያሰረ ሰው ወላሂ ሲል መካነ ሰላም ውስጥ የሚገረም የለም። ዙሪያውን የተቀመጡት ሦስት አዳዲስ መምህራን ግን ገና ከመኪና የወረዱ ነበሩና አፋቸውን ከፍተው ጠበቁት። እሱም የዛሬ አሥር ዓመት፣ በ1998 ዓ.ም. የሆነውን ተረከላቸው።

ፕላዝማ የሚባለው የትምህርት ቴሌቪዥን ገና የመጣ ሰሞን ነው። ስፋቱ አውድማ ያህላል። በውስጡ ያለችው አስተማሪ እንግሊዝኛውን እንደ በረዶ ታወርደዋለች፤ ትጠይቅና ሦስት ሰከንድ ሰጥታ፣ ማንም ሳይመልስላት «ጎበዞች!» ብላ ታልፋለች። የዚያን ዕለት ትምህርቱ ከባዱ ነበር፤ ካለፈው በፊት ያለፈውን፣ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ይሆን የነበረውን በእንግሊዝኛ መናገር። ሴትዮዋ «ኢፍ» ብላ አፏን እንደከፈተች መብራት ሄደ።

ሌላ መምህር ቢሆን ኮቱን አንሥቶ በወጣ ነበር። ደሳለው ግን ጠመኔውን አነሣ። ሰሌዳውን ሞላ፤ ሰሌዳው አልበቃ ሲለው ግድግዳው ላይ ቀጠለ።

«ሃድ ማለት የኋሊት የምትሄድ በቅሎ ናት» አለ። «ትናንት ላይ ቆማችሁ ከትናንት ወዲያ ያለውን ለማምጣት እሷን ትጭናላችሁ። ዝናቡ ሲመጣ ገብሱ ተወቅቶ ነበር። የቱ ቀደመ?»

«ውቂያው!» አሉ መቶ ሃያ ተማሪዎች ባንድ ድምፅ፤ ወግዲ ድረስ ተሰማ።

ሲወጣ ፈይዛ ተከተለችው። ፈይዛ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አባቷ ሸህ አብዱልጀሊል በዛውያቸው ደረሳ ሰብስበው ኪታብ የሚያስቀሩ፣ የሚያስተምሩ ትልቅ ዓሊም ናቸው።

«ቲቸር፣ ሐሙስ ልሄድ ነው። ጅዳ። ፓስፖርቴ ወጥቷል።»

«ፈተናውስ?»

«አባባ፣ ‹እህትሽ ሳዲያ ሄዳ ቤታችንን ቆርቆሮ አለበሰችው፤ አንቺ አሥር ዓመት ተምረሽ ምን ይዘሽ ገባሽ?› አሉኝ። ቲቸር፣ ሮብ ከዙሁር ሶላት በኋላ ቤት ይምጡና ያናግሩልኝ። እርስዎን ይሰማሉ። ሌላ ሰው የለኝም።»

ደሳለው ሮብ ሄደ። ጭጋጉ የገዛ እጅን አያሳይም ነበር፤ እሱ ሲደርስ ግራና ቀኝ ተከፈለለት። ዛውያው ውስጥ ከአቀስታም ከማሻም የመጡ አራት መቶ ደረሶች እንደ ሰርዶ ተነጥፈዋል። መሐላቸው ሸህ አብዱልጀሊል፣ ጢማቸው ጉልበታቸው ላይ አርፎ።

«ግባ ልጄ» አሉት። «ፈይዛን ልታስቀራት መጣህ አሉኝ። እኔ ወሬ አልቀበልም። እዚህ ቤት ዐወቅሁ ያለ ፊቴ ቁጭ ብሎ ይቀራል፤ የቀራውን ይፈታል። ካልፈታ ተነሥቶ ይሄዳል። እሷም ትቅረብና እንይ።»

ፈይዛ እንደማንኛውም ደረሳ ከአባቷ ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥማ ተቀመጠች። ደሳለውን ላብ አሰመጠው።

«ኢፍ ሳዲያ ሃድ ኖት ጎን፣ ሺ ዉድ ሃቭ ቶት ሚ» አለች።

«ፍቺው።»

«ሳዲያ ባትሄድ ኖሮ፣ እሷ ታስተምረኝ ነበር።»

«አልሄደችም እንዴ?»

«ሄዳለች፣ አባባ።»

«አስተማረችሽ?»

«አላስተማረችኝም።»

«ታዲያ ያልሆነውን ምን አስጠራሽ?»

«ምን እንደጎደለን እንዲታወቅ ነው።»

ሸሁ መቁጠሪያቸውን ከእጃቸው ጣሉ። «ይሄማ ለው ነው!» አሉ። «ዐረብኛው ለው የሚለው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስቀራሁት፤ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ፈረንጅም ላልሆነ ነገር ቃል አለው? ሱብሐነላህ! ላልኖረ ነገር ቤት ሠርቶ፣ በር አውጥቶ፣ ሰው የሚያስገባ ቃል!»

አራት መቶው ደረሳ «ሱብሐነላህ!» ሲል የዛውያው ክዳን ተነሥቶ ተመልሶ ተቀመጠ።

ደሳለው ያንን ሰዋስው ስድስት ዓመት አስተምሯል፤ ምን ሲያስተምር እንደኖረ የገባው ግን ያኔ ነው። አንዲት ልጅ በአንድ ትንፋሽ የሄደችውን እህቷን ከጅዳ አምጥታ፣ ደብተር አስይዛ፣ ከአባቷ ምንጣፍ ዳር አስቀመጠቻት። ሳዲያን በዓይኑ ያያት መሰለው። ሸሁም ያይዋት ይመስል ከዚያ ባዶ ቦታ ላይ ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው።  ውጭ ሲደነፋ የነበረው ነፋስ እንኳ ቆመ።

በመጨረሻ ሸሁ ከጋቢያቸው ሥር ፓስፖርቱን አወጡ።

«እንካ። አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ አንተ ዘንድ ይቀመጥ» አሉ። «አንዷን ሰጥቻለሁ፤ ይበቃል።»

«ከዚያስ?» አለ ከአዲሶቹ መምህራን አንዱ፤ ሻዩ ቀዝቅዞበታል።

«ከዚያማ ዩኒቨርሲቲ! ዛሬ እንግሊዞቹ ራሳቸው ቋንቋቸው ሲጠፋቸው ደውለው የሚጠይቁት እሷን ነው!»

ከኋላው ባለው ጠረጴዛ የአቀስታን ሚኒባስ ትጠብቅ የነበረች፣ ጥቁር አባያ የለበሰች ሴት ዘወር አለች። ደሳለው ፊቷን አይቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ቲቸር» አለች፣ እሱ ብቻ እንዲሰማት ያህል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሮብ እስከ መግሪብ በር ላይ ቆሜ ጠብቄዎት ነበር። አልመጡም። ሐሙስ ሄድኩ።»