ደረቅ ዓይን

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው አንጁሎ በሶዶ በየለቅሶው ቤት፣ «ተስፋ እንደሌለው ሰው አትጩኹ!» እያለ ሠላሳ ዓመት ሲቆጣ ኖሯል። ዛሬ ግን እንደ እናት ያሳደገችው እህቱ ተቀበረች። ከቀብር ሲመለስ ጓሮ ገብቶ እንሰቱ ሥር ተቀመጠና ጥርሱን ነከሰ።

«ባለቅስ፣ በፍርድ ቀን ጌታ ምን ይለኛል?» አላት ተከትላው የመጣችውን ሚስቱን አስካለችን።

አስካለች ተናደደች። «የሚልክያስ አባት! ያን ቀን ጌታ እንባን ሁሉ ከዓይን ያብሳል እያልክ የምታስተምረው አንተው አይደለህ? ደረቅ ዓይን ይዘህ ብትቀርብ ምኑን ሊያብስልህ ነው?» አለችና አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘችው።

አንጁሎ የእህቱን ስም እየጠራ ጮኸ።

ሠላሳ ዓመት ዝም ያሰኛቸው ጎረቤቶች ሰምተው እየሮጡ መጡ። አንድም ሰው «ዝም በል» አላለውም።