አምስት ደቂቃ ዝምታ

"እናልዎት ጋሼ፣ አህያው ሾፌሩን ወደ ኋላ ወንበር ገፍቶ የአውቶቡሱን መሪ ጨበጠ!" አለ ሬዲዮ፣ የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ በሽማግሌው ፀጉር አስተካካይ ክንድ ላይ እየጠቀለለ።

"በምኑ? በሰኮናው?"

"በሰኮናው ነዋ! ጥሩንባውን የሚያጮኸው ግን በጆሮው ነው።"

ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። ሬዲዮ ያቺን ሳቅ ጠብቆ ላስቲኳን ጨበጥ ጨበጥ እያደረገ አየር ሲሞላ በሩ ተከፈተ።

"አቁም!" አለች አዲሷ ተቆጣጣሪ ሲስተር።

ሬዲዮ የሚሉት የሚዘጋበት ቁልፍ ስለሌለው ነው። እናቱ ያወጡለት ስም አለው፤ ግን እናቱም ረስተውታል ይባላል። ሥራው በሰፈሩ የጤና ጥናት ጣቢያ የሰውን ግፊት እየለኩ መመዝገብ ነው። ያስተማረው ሰው ወደ ሌላ ጣቢያ እየተጣደፈ፣ አንድ እግሩን ታክሲ ላይ ሰቅሎ ነው ያስተማረው። የቀረውን ሬዲዮ ከራሱ ሞላው። "የሳቀ ሰው አይፈራም፣ ያልፈራ ሰው ግፊቱ እውነቱን ይናገራል" ብሎ አመነ። አምኖም አልቀረ፣ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ አውቶቡስ በአህያ ሲያስነዳ ከረመ።

ችግሩ ግን ይሄ ጥናት የዚህ ሰፈር ብቻ አለመሆኑ ነው። ያው ጥናት በብዙ አገር፣ በብዙ ጣቢያ ይካሄዳል። ቁጥሩ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ላይ ሲታይ የሌላው ቦታ እንደተተኮሰ አንሶላ ለጥ ብሎ ተኝቷል፤ የዚህ ሰፈር ብቻ እንደ ግመል ሻኛ ጉብ ብሏል። ተመራማሪዎቹ ተደነቁ። ውሃውን በጠርሙስ ቀድተው ወሰዱ፣ ምንም አጡበት። ቀጥሎ ዓይናቸው ዳቦው ላይ አረፈ። "ጨው ይሆን?" አለ አንዱ። ይህቺ "ይሆን" ከጣቢያው በር ስትወጣ "ነው" ሆና ወጣች።

የሰፈሩ ዳቦ ቤት ባለቤት ደግሞ የሬዲዮ ሚስት ናት።

ሰው ዳቦ ቤቷን እንደ ተስቦ ቤት በሩቁ ማለፍ ጀመረ። ያልተሸጠው ዳቦ ደርቆ ሚስማር መምቻ ሆነ። እሷም የሰው አፍ ብቻ አላሳመናትም፤ የገዛ ባሏ ለክቶ "ያንቺም ከፍ ብሏል" ሲላት ነው የደነገጠችው። ዳቦው ጥጥ ጥጥ እስኪል ጨው ቀነሰች። ሬዲዮ እንደገና ለካት። ንቅንቅ አላለም። ዛሬ ጠዋት በር ላይ ሲለያዩ፣ "በዚህ ወር መጨረሻ ምድጃውን እሸጠዋለሁ" ብላው ነው የወጣው።

"ሲስተር፣ እኔ እኮ እንዲዝናኑ ብዬ ነው።"

"መዝናናቱንማ ተዝናንተዋል። እግራቸውን ተመልከት፤ አነባብረውታል። ጨርቁን ደግሞ በሹራባቸው ላይ ነው የጠቀለልከው። ሹራባቸውንም ነው አብረህ የምትለካው?"

"አንተ ልጅ፣" አሉ ሽማግሌው እየሳቁ፣ "የሹራቤም ግፊት ነበረበት ማለት ነው?"

ሲስተሯ አልሳቀችም፤ ግን አልተቆጣችም። ሹራባቸውን አስወለቀቻቸው። እግራቸውን አስተካክላ መሬት አስረገጠቻቸው፣ ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፈች፣ ክንዳቸውን ከልባቸው ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳረፈች።

"አሁን አምስት ደቂቃ ማንም አያወራም። እሳቸውም፣ አንተም።"

"አምስት ደቂቃ ሙሉ?"

"ሙሉ።"

"ሲስተር፣ እኔ ተኝቼም ይሄን ያህል ዝም ብዬ አላውቅም። ባለቤቴን ይጠይቋት።"

"ከተናገርክ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ደንቡ ነው።"

ዝም አሉ። ሬዲዮን ላብ አጠመቀው። አህያው ጉሮሮው ድረስ እየመጣ ጥርሱን ሲመታው መልሶ ዋጠው። ቀስ በቀስ ግን ከዚህ ክፍል ውስጥ ሰምቶት የማያውቀው ነገር ይሰማው ጀመር፤ የኮሪደሩ ቧንቧ ጠብታ፣ የሽማግሌው ትንፋሽ፣ የገዛ ጉሮሮው። ይሄ ሁሉ የት ነበር?

ሲስተሯ ከቦርሳዋ ጫፉ አንድ፣ የጆሮው ጥንድ ግን ሁለት የሆነ ማዳመጫ አወጣች። አንዱን ጥንድ ለራሷ አደረገች፣ ሌላውን ለሱ ሰጠችው። ጫፉን የሽማግሌው ክርን እጥፋት ላይ አሳርፋ አየሩን ሞላችና በቀስታ ለቀቀችው።

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ዱም። ዱም። ዱም። ከሩቅ፣ ከወፍራም በር ጀርባ ቆሞ የሚያንኳኳ ሰው ይመስላል። ሬዲዮ ይህን ድምፅ ስንት ጊዜ ሰምቶታል፤ ግን ሁልጊዜ ከራሱ ወሬ ሥር ነበር። አሁን በሩን የሚያንኳኳው ሰው ለብቻው ቆሟል። እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ሬዲዮ ፀጉሩ ቆመ።

ሁለቱም ሳይተያዩ ቁጥሩን በየወረቀታቸው ጻፉ። ገለጡት። አንድ ነው። ሬዲዮ ከዚህ በፊት ለሳቸው ከመዘገበው ሁሉ ደግሞ በጣም ዝቅ ያለ።

"ጋሼ፣ እስኪ አሁን ያውሩልን" አለች ሲስተሯ፣ እንደገና አየር እየሞላች።

ሽማግሌው ወሬ ናፍቋቸው ነበር። ግማሽ ጭንቅላቱን ተላጭቶ ሒሳብ ሳይከፍል ስለሮጠ ደንበኛቸው ጀመሩ። ማዳመጫው ውስጥ ያ በር አሁን ቀደም ብሎ ተንኳኳ፤ የመለኪያው መርፌ ገና ላይ እያለ።

"እንዴ!" አለ ሬዲዮ። "ወሬ ደም ውስጥ ይገባል?"

"ታየዋለህ እኮ።"

"በእግዚአብሔር! እኔ አፌን ከፍቼ ሰፈር ሙሉ ደም ሽቅብ አስወጥቻለሁ?"

"ወሬው ብቻ አይደለም፤ ሹራቡም፣ እግሩም አለበት። ለዚህ ነው ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን የምንለው። አሁን ባሕር ማዶ፣ ቋንቋውን የማናውቀው አንድ ሰው እንዲሁ እግሩን ሳያነባብር፣ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ዝም ብሏል። የሱን ልብ ከእሳቸው ልብ ጎን ማስቀመጥ የምንችለው ሁለቱን በአንድ ዓይነት ጆሮ ከሰማን ነው።"

ሬዲዮ ሽማግሌውን አያቸው። አንድ ሰው የተቀመጠ አልመሰለውም። ከወንበራቸው ጀርባ ሌላ ወንበር፣ ከዚያም ጀርባ ሌላ፣ ግድግዳውን አልፎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ የተደረደረ መሰለው። ሁሉም እግሩን መሬት አስረግጦ፣ ሁሉም ዝም ብሎ። ከሱ ተረት ሁሉ የሚበልጥ ነገር፣ አንድ ቃል እንኳ የለበትም።

"ዳቦውስ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"በአንድ ሰው አልፈርድም። ሰፈሩን ሁሉ እንደገና፣ በደንቡ ትለካለህ። ከዚያ ጨው መሆን አለመሆኑን እናውቃለን።"

"መጀመሪያ እሷን ልጥራት?"

ሚስቱ ዱቄት ክርኗ ድረስ እንደነካት መጣች። ዱቄቱን ጠረገላት፣ አስቀመጣት፣ እግሯን አስተካከለ፣ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። የአምስት ደቂቃውን ደንብ ነግሯት ፊት ለፊቷ ቁጭ አለ። ዝም አለ።

ጊዜው ሄደ። ሚስቱ ዓይኗ ከባሏ አፍ አልነቀል አለ። አንድ ነገር ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። ከጊዜው ትንሽ ሲቀር ግን አልቻለችም።

"አንተ፣ አሞሃል እንዴ?" ብላ በሳቅ ፈነዳች።

ሲስተሯም ፈገግ አለች። "አይ፣ ግድ የለም። ጊዜው ሊያልቅ ነው። ለካት።"

ሬዲዮ ላስቲኳን አንስቶ ነበር። ሚስቱ ሳቋን በመዳፏ ለማፈን ትታገላለች፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ምድጃዋ፣ ዳቦዋ፣ ስሟ ሁሉ እዚህች ክንድ ላይ ነው። ቁጥሩ ቢወርድ ደግሞ እንዴት ደስ ባለው!

ላስቲኳን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሰዓቱን ከመጀመሪያው አስነሣ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና መጠበቅ ጀመረ።