ግማሽ ብሎክ ወደ ታች

«በሩን ሰብረን ገብተናል!» አለ ሳጅን ዊልሞር በሬዲዮ። «ሰውዬው ሊታገለን ነበር፣ በቆመጥ ብለነዋል። ሴትዮዋ ግን የለችም!»

«እንዴት የለችም?» ኖርላን ከወንበሩ ተነሳ። በድንገተኛ ጥሪ ማዕከሉ ውስጥ ፖሊስ የሚያሰማራው እሱ ነው። ጆሮው ላይ ባለው ስልክ ኢዳሊያ የምትባል ሴት ትጮኻለች። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆልፋለች፤ ባሏ ፋውስቶ በሩን በገጀራ እየፈለጠው ነው። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ይሰማል።

«ቆይ... ሽማግሌ ነው እኮ» አለ ሳጅኑ፣ ድምፁ ወርዶ። «ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ። ጭንቅላቱ እየደማ ነው። ወዴት ነው የላካችሁን እናንተ?»

ያሆስካ ከፕሮግራመሮቹ ክፍል እየሮጠች መጣች። ጥሪ ተቀባዮች የሚጽፉትን አድራሻ ዳታቤዝ ውስጥ አስገብቶ ለፓትሮል መኪናው የሚያደርሰውን ፕሮግራም የሠራችው እሷ ናት። አለቃዋ ዶን ኤራስሞ ላባቸውን እየጠረጉ ተከተሏት።

«ዳታቤዙ የመለሰው ዜሮ ነው» አሉ ስክሪኑን እያዩ። «ዜሮ ማለት ያለ ስህተት ገብቷል ማለት ነው። እኛ ንጹህ ነን። ማንበብ ያቃታቸው ፖሊሶቹ ናቸው።»

ያሆስካ ዜሮውን አላየችም። ከዜሮው ጎን የተደረደሩትን ትንንሽ ምልክቶች ነው ያየችው። ከአንዱ በቀር ሁሉም ባዶ ናቸው። እዚያ ላይ «ደብሊው» የምትል ፊደል ተቀምጣለች። ያቺ ፊደል ስህተት አይደለችም፣ ማስጠንቀቂያ ናት፤ ያዘዝሽኝን ፈጽሜያለሁ፣ ጽሑፉ ግን ቦታው ስላልበቃው ጫፉን ቆርጬዋለሁ ማለቷ ነው።

እንግዲህ በከተማችን በማናጓ አጭር አድራሻ ያለው ማን ነው? የቤት ቁጥር የለን፣ የመንገድ ስም የለን! ቤታችሁ የት ነው ስንባል ከፈረሰ ሲኒማ ቤት ተነስተን፣ ወደ ሐይቁ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች እያልን እስከ ውሻው ቀለም እንዘልቃለን። ፕሮግራሙ ሥራ የጀመረ ሰሞን ማስጠንቀቂያዋ ቀኑን ሙሉ ስትጮህ አዳራሹ ተማረረ። ዶን ኤራስሞ «ይቺን ነገር ዝም አሰኚልኝ» አሉ፤ ያሆስካም ዝም አሰኘቻት።

«ሙሉውን አንብቢልኝ!» ብላ የኢዳሊያን አድራሻ በጻፈችው ጥሪ ተቀባይ ላይ ጮኸች።

«ከድሮው ሳሙና ፋብሪካ ሁለት ብሎክ ወደ ሐይቁ፣ ግማሽ ብሎክ ወደ ታች፣ ጥቁር በር።»

ለፓትሮሉ የደረሰው «ወደ ሐይቁ» ላይ አልቋል። እነሱም ጥጉ ላይ ያገኙትን በር ሰበሩ።

ያሆስካ የኖርላንን ማይክሮፎን ነጠቀችው። «ግማሽ ብሎክ ወደ ታች! ጥቁር በር! ሩጡ፣ በእናታችሁ!»

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ሩጥ አልኩህ፣ አንተ ድንጋይ!»

ሮጡ። በስልኩ በኩል ግን የመታጠቢያ ቤቱ በር ወደቀ። «ፋውስቶ፣ ስለ ልጆቻችን ብለህ!» አለች ኢዳሊያ። ገጀራው አረፈባት። ቀጥሎ የመጣው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር። ኖርላን ማዳመጫውን ሳያወልቅ አለቀሰ። ከዚያ ጥይት ተተኮሰ፣ ደግሞም ተተኮሰ።

«ሰውዬው ወድቋል» አለ ሳጅኑ እያለከለከ። «እሷ በሕይወት አለች። ግራ እጇ ግን... ከአንጓው የለም። አምቡላንስ ላኩ። ለሽማግሌውም ላኩ፣ ኧረ በፈጣሪ!»

ያሆስካ ኮምፒውተሯ ጋ ተመልሳ መጻፍ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ ዶን ኤራስሞ።

«ደብሊው ያለበት አድራሻ ከእንግዲህ ዝም ብሎ አይላክም። ሙሉው በሬዲዮ እስኪነበብ ፕሮግራሙ እየጮኸ ይቆማል።»

«አብደሻል እንዴ? በየጥሪው ሊጮህብን እኮ ነው! ቦታውን ነገ እናሰፋዋለን፣ አሁን እንዳለ ተይው።»

«እስከ ነገ የሚደውለውስ ሰው፣ ዶን ኤራስሞ?»

የመጨረሻውን ቁልፍ ስትጫን አዳራሹ በማስጠንቀቂያዋ ጩኸት ተሞላ። ሌላ ጥሪ ገብቷል፤ እሱም ላይ ደብሊው አለች።

«አጥፊው ብያለሁ!» ዶን ኤራስሞ እጃቸውን ወደ ኪቦርዱ ሰደዱ። ያሆስካ እጃቸውን ገፋ አድርጋ፣ ወንበሯን እየጎተተች ከኖርላን ጎን ተቀመጠች። ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠግታ አዲሱን ጥሪ ወደያዘችው ጥሪ ተቀባይ ዞረች።

«በይ ንገሪኝ» አለቻት። «እስከ ውሻው ቀለም ድረስ።»