በየቤቱ የሚያድር መምህር

አምደሚካኤል አሜሪካ፣ ዌስትውድ ሰፈር ካለው ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ የሚያጠናው፣ እዚያ አገር የመጀመሪያዎቹ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንዴት እንደተቋቋሙ ነበር። ይህን የሰማ ሀበሻ ሁሉ "ለእኛ አገር ምን ይጠቅማል?" ይለዋል። እሱ ግን ነገሩን ይወደዋል፤ በተለይ ሦስተኛውን ምዕራፍ። በዚያ ዘመን የሰሜን ምሥራቅ መንደሮች አንድ ክፍል ቤት ሠርተው፣ የድሃውንም የሀብታሙንም ልጅ የሚያስተምር ሰው በጋራ ይቀጥሩ ነበር። ለመምህሩ ቤት የሚከራዩበት አቅም ስላልነበራቸው በየተራ ያሳድሩታል፤ ይህን ሳምንት እዚህ ቤት፣ የሚቀጥለውን እዚያ ቤት። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ቤት እንጨት ያስፈልጠዋል። አምደሚካኤል እዚህ ላይ ሲደርስ ደሙ ይፈላል። "ይህ ለተማረ ሰው የመጨረሻው ውርደት ነበር" ብሎ ጽፎ ከሥሩ አስምሮበታል።

እግዜር መቼም ቀልድ ያውቃል። አገር ቤት መንግሥት ተለወጠና ከዚያ የሚላክለት ገንዘብ ተቋረጠ፤ የተከራየውን ክፍል ለቀቀ። ከዩኒቨርሲቲው ብዙ ሳይርቁ ፌርፋክስ አካባቢ የሚኖሩ ጥቂት ሀበሾች ይህን ሰምተው ተመካከሩና፣ "ልጆቻችን አማርኛ እየጠፋባቸው ነው። ማታ ማታ ያስተምሩልን፣ እኛ ደግሞ በየተራ እናሳድርዎታለን" አሉት። አምደሚካኤል ሳቀ፤ ለምን እንደሳቀ የገባው ሰው አልነበረም። ያንን ምዕራፍ ከፋሲካ በፊት ለፕሮፌሰሩ ካላስረከበ ግን ከዩኒቨርሲቲው መሰናበቱ ነው፤ ቪዛውም አብሮ ያበቃል። ጣራ ከተገኘ መጻፉ አይከብድም ብሎ እሺ አለ።

የመጀመሪያው ተራ የየማነና የባለቤቱ የምንትዋብ ነበር። የማነ ቶራንስ ከተማ ባለ የነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ይሠራል፤ ምንትዋብ ነርስ ናት። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላውን ሰው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው መምህር ማክበር እንዲለምዱ ብለው አንቱ አሉት። አልጋቸውን ለቀውለት ራሳቸው ሳሎን ወለል ላይ ተኙ። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት ይባላል፤ አምደሚካኤል ግን ወርቅ እንደሆነ ቀረ። ወረቀቱን ሲዘረጋ የማነ "ብቻዎን ምን ያስተክዝዎታል?" ብሎ አጠገቡ ይቀመጥና ጨዋታ ይጀምራል። የማነ ሲደክመው ምንትዋብ ሳህን ይዛ ትመጣለች። አልጋውን የለቀቀልህን ሰው "ተወኝ፣ ልጻፍ" እንዴት ትለዋለህ? እየጎረሰ፣ እየሳቀ፣ ውስጥ ውስጡን እየተቃጠለ ሳምንቱ አለቀ። የቀጣዩ ባለተራ ቤት ደግሞ ሚስትየዋ ወለደችና የማነ "እኛው ጋ ይቆዩ" አለ። አምደሚካኤል እዚህ ቤት ከገባ ወዲህ በምዕራፉ ላይ አንድ መስመር አልጨመረም።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርና አንድ ዘዴ መጣለት። "እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው" አለ። "ቀኑን እዚያው ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ብውል ይሻለኛል።"

"ታድለው!" አለች ምንትዋብ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

እውነት ለመናገር እስከ ስድስት ሰዓት እንኳ አልቆየም። ረፋዱን ይጽፋል፤ ሲርበው ከግቢው ማዶ ካለች ሀምበርገር ቤት ጎራ ይላል። ምዕራፉም መራመድ ጀመረ። አንድ ዓርብ ታዲያ የማነ ከሥራ ቀደም ብሎ ወጥቶ፣ ቤት ላድርሰው ብሎ መጣ። በሀምበርገር ቤቱ መስኮት አሻግሮ ሲያይ መምህሩ ሀምበርገሩን በሁለት እጁ ይዞ አፉን ከፍቷል። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። የማነ ዞር ብሎ መኪናው ውስጥ ገብቶ ጠበቀው። መንገዱን ሙሉ ስለ ትራፊክ ብቻ አወራ፤ ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ቤት ሲደርሱ ምንትዋብ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምን ሆንሽ?" አለ የማነ።

"ሺፍት ላይ አዞረኝና ወደ ቤት ሂጂ አሉኝ። ምንም አይደል፣ ምግብ ስላልቀመስኩ ነው።"

"እስከዚህ ሰዓት?"

"ታዲያ የልጆቼ መምህር እየጾሙ እኔ ቁርስ ልብላ?"

አምደሚካኤል መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። የማነ ወደ እሱ አላየም፤ ሊያጋልጠውም አልፈለገም። ይህ ነው የባሰ ልቡን የሰበረው።

"ምንትዋብ፣ አልጾምኩም" አለ። "አንድ ቀንም አልጾምኩም። የምጽፍበት ጊዜ አጥቼ ነው የዋሸሁት። ይሄ ነገር ካላለቀ ከትምህርቱ መባረሬ ነው። እንዲህ አክብራችሁኝ፣ ተዉኝ ማለት አፈርኩ።"

ምንትዋብ ቀና ብላ አየችው።

"ሶ፣ እኔ ለማን ብዬ ነው ወለል ላይ የተኛሁት? ሥራ ውዬ መጥቼ ሦስት ዓይነት ወጥ የምሠራው ለማን ነው? ጀርባዬን ገደለኝ እኮ! እንግዳ ሰልችቶኛል፤ አፍሬ ነው እንጂ! ስለ ጾሙ ከእግዜር ጋር ተነጋገር። ኦኬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ የለም። ሳሎን ትተኛለህ። ዲሹን ዋሽ ታደርጋለህ፣ ቆሻሻውን ታወጣለህ። ከዚያ ከልጆቹ ጋር ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብለህ ትጽፋለህ፤ ያናገረህ ሰው ወዮለት። ሰማህ የማነ?"

"እኔ ምን አልኩ?" አለ የማነ።

አንቱታው ብን ብሎ ጠፋ። አምደሚካኤል እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ኩሽና ሄደ። እጁ እስከ ክርኑ ሳህን ማጠቢያው አረፋ ውስጥ እንደገባ፣ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተኛ የሆነ መሰለውና ደስ አለው። ያ እንጨት የሚፈልጥ መምህር ትዝ አለው። መጥረቢያውን እስኪያቀብሉት ድረስ እሱስ ስንት ቀን ወርቅ ሆኖ ተሰቃይቶ ይሆን?

ምዕራፉ ከፋሲካ በፊት ደረሰ። ስለ ውርደቱ የተጻፈው ተሰርዞ፣ በቦታው "መጥረቢያ ያልተሰጠው መምህር ገና እንግዳ ነበር" የሚል ገብቷል። ፕሮፌሰሩ ሁሉን ወደውት፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገር ጎን ብቻ "ምንጭህ ምንድን ነው?" ብለው ጻፉበት።

አምደሚካኤል የሚመልሰውን እያሰበ፣ ተራው ወደ ደረሰው ወደ እትዬ ኤልፍነሽ ቤት ሄደ። እትዬ ኤልፍነሽ ሻንጣውን ተቀብለው "ይግቡ፣ ይግቡ መምህር፣ አረፍ ይበሉ!" እያሉ ሳህን ሊያመጡ ተጣደፉ።

"እትዬ፣" አላቸው ሳይቀመጥ፣ "እዚህ ቤት ቆሻሻ የሚወጣው ማክሰኞ ነው ሐሙስ?"