የሰደቃ ንፍሮ

ቅጭ… ቅጭ… ይላል። ሰዓዳ መጀመሪያ አይጥ መሰላት። ቀጥሎ ደግሞ ምራቷ ሒክማ በእንቅልፍ ልቧ ጥርሷን የምታፋጭ መሰላት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ታደርግ ነበርና። ግን ሒክማም ነቅታ ተቀምጣለች። ሁለቱም አዳመጡ። ድምፁ የሚመጣው ፍየሎቹ ከሚያድሩበት ጥግ ነው።

"ግልገሏ ናት" አለች ሒክማ። "የሚያማት ነገር አለ።"

በሩን ሲከፍቱት የንጋቱ ብርሃን ገባና አዩዋት። ሦስት ወር ገና ያልሞላት ቀይ ግልገል እግሮቿን አንፈራጥጣ ቆማ ጥርሷን ታፋጫለች። የግራ ጎኗ እህል እንደሞላ አቅማዳ ተወጥሯል። እናቲቱ ፍየል እያሸተተች ትጮኻለች፤ ግልገሏ ግን ወደ ጡቷ ዞር አላለችም።

ሒክማ ተንበርክካ የተነፋውን ጎን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

"ትናንት ደህና አልነበረች? ምን በልታ ነው፣ እማ?"

ሰዓዳ መልሱን ታውቀዋለች። "እኔ እንጃ ልጄ" አለች። "ሣር ይሆናል። ጤዛ ያለው ሣር።"

ትናንት ሐሙስ የሒክማ ዒዳ፣ ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠው ጊዜ፣ አልቋል። ሙአዊያ፣ የእሷ ባል የሰዓዳም አንድ ልጅ፣ ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ተሳፍሮ ሲመለስ መኪናው ገደል ከገባ አራት ወር ከአሥር ቀን ሆነው። ሒክማ ይህን ሁሉ ጊዜ እንደ ደንቡ ከባሏ ቤት ሳትወጣ ተቀመጠች። ለማብቂያው ሰዓዳ ሰደቃ አወጣች፤ ስንዴና ባቄላ ተቀቀለ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ጎረቤቱ በልቶ መርቆ ተበተነ። ከእንግዲህ ሒክማን የሚይዛት ነገር የለም። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ልጅ አልወለደችም። እናቲቱ ፍየልም የራሷ ናት፤ ስትዳር ከአባቷ ቤት፣ ከአርዲቦ፣ ነድታ ያመጣቻት። ስትሄድ ይዛት ትሄዳለች።

ረፋዱ ላይ ስልኳ ጠራ። ወንድሟ አብዱልመናን ነው። ሒክማ ደጃፍ ቆማ ስትናገር ሰዓዳ ከውስጥ ትሰማለች።

"አብዱ፣ ነገ ልትወስደኝ አትምጣ። ግልገሏ ታማብኛለች… አይ፣ እናቲቱ ያለሷ አትነዳም። እኔም ጥያት አልመጣም… እስክትድን ነው የምልህ… እሺ፣ እሁድ መጥተህ እይ። ካልዳነች ግን አልመጣም።"

ሰዓዳ እጇ ላይ የነበረውን ጣሳ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። እስክትድን።

የውጫሌው የከብት ሐኪም ለክትባት ወደ ቆላ ወርዷል ስለተባለ የተጠራው ውበቱ ነው። አጥር የሚጋራቸው ክርስቲያን ገበሬ ነው፤ መንደሩ ውስጥ ላም የማትወልድ፣ በሬ የሚያነክስ እንደሆነ መጀመሪያ እሱ ይታያል። ቀልድ ሳይናገር ቤት አይገባም።

"እት ሰዓዳ፣ ይህቺ ልጅሽ እርጉዝ ናት እንዴ?" አለ ግልገሏን ከበር ሆኖ አይቶ።

ማንም አልሳቀም። ሒክማ ዓይኗን መሬት ተከለች። ውበቱ ምን እንዳለ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋ፣ ጎንበስ ብሎ የግልገሏን ሆድ መዳሰስ ጀመረ።

"ምን በላች? እሱን ንገሩኝ። ለምለም ሣር ከሆነ ዘይት ያስተነፍሳታል። እህል ከሆነ ግን ዘይት አይነካውም፤ እህል ሆድ ውስጥ ይቦካል።"

"ሣር ነው" አለች ሰዓዳ፣ ሒክማ አፏን ሳትከፍት።

የኑግ ዘይት በጠርሙስ ቀረበ። ውበቱ የግልገሏን አፍ በጥጉ በኩል ከፍቶ ጥቂት በጥቂት አፈሰሰላት። "አንገቷን ቀና አታድርጊ፣ ሳንባዋ ይገባል" እያለ ሒክማን ያሳያታል። ከዚያ የወይራ ጭራሮ በጥርሶቿ መሃል አግድሞ በክር ጆሮዋ ጀርባ አሰረው፤ እያላመጠች ታገሳለች ብሎ። የፊት እግሮቿን መደብ ላይ አቆሙ። ሒክማ ጎኗን ታሽ ጀመር፣ ከታች ወደ ላይ፣ ሳታርፍ።

"አብሽሪ ልጄ" አለች ሰዓዳ። "አላህ ያውቃል።"

ሒክማ ማሸቷን ቀጠለች። ለግልገሏ ብቻ በሹክሹክታ ታወራለች፤ ለሙአዊያም በሕይወት ሳለ ከሥራ ደክሞ ሲመጣ እንደዚያ ታወራለት ነበር፤ ሰዓዳ ከመጋረጃው ወዲያ ቃሉ ሳይሆን ዜማው ብቻ ይሰማት ነበር።

ዘይቱ አልረዳም። ለጁምዓ አዛን ሲባል ግልገሏ ጉልበቷ ከድቷት ተኛች። ጆሮዋ ቀዘቀዘ፣ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ፣ ጥርሷን ማፋጨቱንም ተወችው፤ ዝምታው ከድምፁ የባሰ ነበር። ውበቱ ተመልሶ አያትና ራሱን ነቀነቀ።

"እንግዲህ በክት ሆና ከምትቀር ከጁምዓ ሲወጣ ጠሃን እንዲያርዳት ልጥራላችሁ። እኔ ቢላውን ብይዝ እናንተ አትበሉ። ያሳዝናል፤ ጎረቤት ሆነን ይቺን እንኳ ልረዳችሁ አልችል።"

በዚህ ቤት ቢላ የሚይዘው ሙአዊያ ነበር። ሦስቱም ያንን አሰቡ። ሒክማ የግልገሏን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

"ይጥሯቸው" አለች በመጨረሻ።

ውበቱ ሊወጣ ዞረ። ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማለች። ልታሳልፈው ይገባ ነበር፤ አላሳለፈችውም።

"ቆይ፣ አያ ውበቱ። ሣር አይደለም።"

"እና ምንድን ነው?"

"ንፍሮ ነው። የትናንቱ ንፍሮ። ተርፎ ነበር፤ የሰደቃ እህል ሜዳ አይጣል ብዬ… በጣሳ ሰጠኋት።"

"ስንት ጣሳ?"

"ሁለት።"

የመጀመሪያውን የሰጠችው እንዳለችው ነው። ዱዓ የተደረገበት እህል እግር ሥር አይወድቅም፤ እናቷም አያቷም እንደዚያው ያደርጉ ነበር፣ ለከብት ይሰጡታል እንጂ አይደፉትም። ሁለተኛውን ጣሳ ስትሞላ ግን ልቧ ውስጥ የነበረው ሰደቃው አልነበረም። ግልገሏ ያን ያህል እህል እንደማትችል ታውቃለች፤ ሃምሳ ዓመት ፍየል መሃል ኖራለች። ትናንት ሴቶቹ ሰሃን ሲያጥቡ "ፍየሏ ባትነዳ ሒክማም አትሄድም ነበር" ብላ እየሳቀች የተናገረችውም እሷው ናት። ጣሳውን ስትሞላ ይህንን አስባ ነበር? አላሰበችም? ከንጋት ጀምራ ራሷን እየጠየቀች ነው።

"ሒክማዬ" አለች። "አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።"

"ጠዋት ጠይቄዎት ነበር" አለች ሒክማ፣ ቀና ሳትል።

"አንቺ ሴት፣ ግማሽ ቀን በላሽብኝ" አለ ውበቱ። ግን እጅጌውን እየሰበሰበ ነው። "ሂጂ፣ ከሱቅ ለቂጣ የሚጨመረውን ሶዳ አምጪ። ለብ ያለ ውሃም። ግልገሏ ጡት እንዳትነካ፤ እናቲቱን ወደ ውጭ አውጧት።"

ሰዓዳ ሮጠች። ጉልበቷን ማመም ከጀመራት ወዲህ ሮጣ አታውቅም።

ሶዳው በውሃ ተበጥብጦ ለግልገሏ ተሰጣት። ከዚያ ውበቱ ደጅ ወጥቶ እናቲቱ እስክታመሰኳ ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ። ስትጀምር መንጋጋዋን በአንድ እጁ ያዘ፣ በሌላው ከአፏ አረንጓዴውን ትኩስ የላመ ነገር ጎልጉሎ አወጣና ሮጦ ገብቶ ግልገሏ ጉሮሮ ውስጥ ከተተላት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች ሒክማ።

"እርሾ ነዋ። ክፉ ቡኮ የሚመለሰው በደግ እርሾ ነው። አትጸየፊ፣ እናቷ ናት።"

ቅዳሜን ሁለቱ ሴቶች በግልገሏ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ዋሉ። ሒክማ ትናገራለች፤ ግን ስለ ግልገሏ ብቻ።

"ጨርቁን ያቀብሉኝ።"

"እንካ ልጄ—" ብላ ሰዓዳ ጀመረች፤ አፏ የለመደው ለሙአዊያ ነበር። "እንኪ።"

"ውሃው ቀዝቅዟል።"

"አሞቀዋለሁ።"

ሰዓዳ አሥር ጊዜ "አፉ ብያለሁ" የሚለውን ቃል ጠበቀች፤ በአገሩ አንዱ ሲለምን ሌላው ሳይመልስ አያሳድርም። ሒክማ አሳደረች። ማታ ላይ ግልገሏ ቀጭን ኩስ ጣለች፣ ውስጡ ያልተፈጨ ስንዴ አለ። ሒክማ በቅጠል ጠርጋ አወጣችው፤ ስታልፍ ፊቷን ወደ ሰዓዳ አላዞረችም።

እሁድ ጠዋት ሒክማ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ሳለ ሰዓዳ ብቻዋን አየቻት። ግልገሏ ተኝታ አንገቷን ቀና አድርጋለች። ጉሮሮዋ ላይ አንድ ነገር ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ታየ፤ ከዚያ መንጋጋዋ ወደ ጎን ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። የሚያመሰኳ ፍየል አይሞትም። ሰዓዳ "አልሃምዱሊላህ" አለች፤ ድምፅ ግን አላወጣችም። ሒክማ ስትመለስ መንጋጋው አርፎ ነበር። ሰዓዳ አልነገረቻትም።

አብዱልመናን አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። ከሐይቅ በአውቶቡስ፣ ከውጫሌ በባጃጅ፣ ቀሪውን በእግሩ። ሐይቅ ከተማ ጨርቃጨርቅ የሚነግድ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ትሑት ሰው ነው።

"አሰላሙ አለይኩም፣ እማማ ሰዓዳ። እንዴት ነዎት? ሐዘኑን አላህ ያቅልልዎ።"

"ወአለይኩም ሰላም። ግባ ልጄ።"

አልገባም፤ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ግልገሏን አያት። ከሲታ ሆናለች፣ ፀጉሯ በዘይት ተጣብቋል፣ ዓይኗን ጨፍናለች።

"አሁንም እንደታመመች ነው የማያት" አለ። "ሒክማ፣ እንዴት ናት? እኔ ከብት አላውቅም።"

ሒክማ ቀና ብላ ያየችው ሰዓዳን ነው። ከአርብ ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ዓይኗ ምን እንደሚል ሰዓዳ ልታነበው አልቻለችም።

"እሺ፣ ካልዳነች ምን ይደረጋል" አለ አብዱልመናን እየተነሳ። "በሚቀጥለው እሁድ ልመለስ። ወይስ ከዚያም ይቆይ፣ እማማ?"

ሌላ ሳምንት። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሰዓዳ የቤቱን ጥግ አየች፣ መደቡን አየች፣ ሁለቱን ምንጣፎች አየች።

"ድናለች" አለች። "ጠዋት አመስኩታለች። በዓይኔ አይቻለሁ።"

ሒክማ የግልገሏን ራስ ከጭኗ ላይ አንስታ ገለባው ላይ በቀስታ አኖረችው፣ ወደ ውስጥ ገባች። ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ሻሿን ለውጣለች። አብዱልመናን በዚህ መሃል የእናቲቱን ገመድ ከካስማው ፈትቶ ይዟል፤ ግልገሏን በክንዱ ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

ሒክማ ገመዱን ከእጁ ወሰደችበት። መልሳ ካስማው ላይ አሰረችው፤ ጎትታ መጥበቁን አየች።

"ፍየልሽ አይደለችም እንዴ?" አላት ወንድሟ።

"ከእማ ጋር ትቅር" አለች ሒክማ። የሰዓዳን ትከሻ ሳመች፣ ሻንጣዋን አነሳች፣ ቁልቁለቱን ወረደች። አብዱልመናን ግራ ገብቶት አንዴ ፍየሏን አንዴ ሰዓዳን አየ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተሰናበተና እህቱን ተከተለ።