ሁለተኛው ቁልፍ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንጀቷን ያሳረራት በወደቡ ቢሮ መዝገብ ላይ የሰፈረ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ «ጠላቂው በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ሞተ» የሚል። ጠላቂው ባሏ ነበር።

እሷ የጠላቂዎች ልብስ አጣቢ ናት። ፊደል እንደ ነገሩ ብትቆጥርም የሥራውን ሕግ አሳምራ ታውቀዋለች። ጠላቂ ከትንሿ ሰርጓጅ መርከብ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ሲሠራ የሞተሩን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ይወጣል። እሱ ካልተመለሰ ሞተር የሚባል ነገር አይነሳም፤ መርከቧን የሚገፋው ስለታሙ የኋላ መዘውርም አይዞርም። የባሏን የተቦጫጨቀ ልብስ ደም ስታስለቅቅ ታዲያ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ አገኘችው። ሞተሩን ምን አስነሳው?

መርከቧን ይነዳ የነበረው ታናሽ ወንድሟ ነው። ብትጠይቀው አንገቱን ደፋ። እናታቸው ያኔ ታመው ተኝተዋል፤ የልጃቸውን መታሰር ቢሰሙ አንድ ሳምንት አይቆዩም። ነገሩን ዋጥ አድርጋ ቁልፉን አደራርቃ ቦታው ሰቀለችው። ወንድሟን ግን ከዚያ ወዲህ ሰላምም አላለችው።

ዘንድሮ እናታቸው አረፉ። በወሩ የአጣቢዋ ልጅ የጠላቂነት ሥልጠናዋን ጨርሳ እየፈነደቀች ገባች።

«እማዬ፣ ሰኞ ከአጎቴ ጋር እወርዳለሁ!»

«ከየትኛው አጎትሽ?»

«ስንት አጎት አለኝ? ያ ያኮረፍሽው ነዋ!»

ሰኞ ጠዋት አጣቢዋ ወደቡ ላይ ደረሰች። ወንድሟ የአየር ጋኖቹን እየፈተሸ ነበር፤ ልጅቷ አጠገቡ ልብሷን ትቆልፋለች።

«እትዬ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

«በምሥራቅ። ሁለተኛውን ቁልፍ አምጣ።»

«የምን ቁልፍ?»

«ልጄ እየሰማችህ ነው።»

ልጅቷን አየ። ጎንበስ ብሎ ከመቀመጫው ሥር ቁልፍ አወጣ።

«ዛሬም ይዘኸው ልትወርድ!»

«ለክፉ ቀን ብዬ ነው…»

«ክፉው ቀንማ መጥቶ ሄደ፤ እኔ ቤት ነው የገባው።»

«ውሃው ወደ ድንጋዩ ሲገፋን ትንሽ ፈቀቅ ላድርጋት ብዬ ነው፣ እትዬ። አንዴ ብቻ ነካሁት። እሱ ከኋላ መሆኑን አላየሁም። ዘጠኝ ዓመት እንቅልፍ የለኝም።»

«እኔስ ተኝቼ ነው የከረምኩት?»

«አባቴን?» አለች ልጅቷ። የቆለፈችውን ልብስ መፍታት ጀመረች።

አጣቢዋ ወንድሟን እጅጌውን ይዛ ወደ ወደቡ ቢሮ ወሰደችው። ጸሐፊዋ «ዛሬ ሥራ በዝቷል፣ ነገ ተመለሱ» ብትል ወንበር ስባ ቁጭ አለች፤ እጅጌውን አልለቀቀችም። እሱ እያለቀሰ ተናገረ፣ ጸሐፊዋ ጻፈች። ሲጨርስ እሷ ወደ ወረቀቱ ተጠጋች።

«በይ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ» አለቻት። «ቀስ ብለሽ።»